ነጥብና ርቀት፦ እኩል ያልተራራቁ መረጃዎችን በግራፍ ስለ ማሳየት

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው በቃል የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ለንባብ ተስተካክሎ የተዘጋጀ ነው።)



 የዛሬው ርእሴ ሲታይ ትንሽ ነው። አንዳንዶቻችሁ ማስታወቂያውን ስታነቡ «ግራፍ መሥራት ምን ገለጻ ያስፈልገዋል? ኮምፒዩተሩ ይሠራው የለም ወይ?» ሳትሉ አልቀራችሁም። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በእኔ ቸልተኝነት አንድ ተማሪዬ የከፈለው ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተርስ ትምህርቱን የሚከታተል አንድ ብርቱ ወጣት አማክር ነበር። ጥናቱ በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር፣ ማለትም ለዕድሜ የሚመጥን ቁመት አለማግኘት፣ በጊዜ ሂደት እንዴት እንደ ተለወጠ ይመረምራል። የመረጃ ምንጩ ብዙዎቻችን የምናውቀው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ነበር። ጥናቱ የቀነጨሩ ሕፃናትን ድርሻ በስድስት ዙሮች እንደሚከተለው ያስቀምጣል፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ2000፦ 58 በመቶ
በ2005፦ 51 በመቶ
በ2011፦ 44 በመቶ
በ2014፦ 40 በመቶ
በ2016፦ 38 በመቶ
በ2019፦ 37 በመቶ

የመጀመሪያዎቹ የሁለት ዙር ሪፖርቶች በቀድሞው የዕድገት መለኪያ የተዘጋጁ ስለ ነበሩ፣ እዚህ የጠቀስኋቸው ቁጥሮች የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መለኪያ እንደገና የተሰሉት መሆናቸውን ላስታውስ። ይህ ካልተደረገ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም።

ተማሪዬ እነዚህን ስድስት ቁጥሮች በኤክሴል በሁለት ዓምድ ጻፈ፤ መረጣቸው፤ «ላይን» የሚለውን የግራፍ ዓይነት ተጫነ። የወጣለት ሥዕል ውብ ነበር። መስመሩ መጀመሪያ በኃይል ይወርዳል፤ ከ2011 በኋላ ግን እየተለሳለሰ፣ እየተኛ ይሄዳል። ተማሪዬ ከዚህ ሥዕል ተነሥቶ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈ። የምዕራፉ ጥያቄ «የመቀንጨር ቅነሳ ከ2011 ወዲህ ለምን ተዳከመ?» የሚል ነበር። ምላሹንም በበጀት፣ በድርቅና በባለሙያ እጥረት ፈለገ። ጽሑፉን አነበብሁት፤ አመሰገንሁት፤ ፈረምሁበት።

በመከላከያው ቀን የውጭ ፈታኙ፣ በዕድሜ የገፉ ረጋ ያሉ ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ ሲሉ ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ከ2005 እስከ 2011 ስንት ዓመት ነው?» «ስድስት» አላቸው። «ከ2014 እስከ 2016ስ?» «ሁለት።» «ታዲያ በሥዕልህ ላይ ስድስቱም ሁለቱም ለምን እኩል ስፍራ ያዙ?» ተማሪዬ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ወደ ሥዕሉ ተመለከትሁ፤ የምመልሰው ግን አልነበረኝም። ምዕራፉ ፈርሶ እንደገና ተጻፈ፤ ልጁም ከጓደኞቹ ጋር ሳይመረቅ አንድ ሴሚስተር ቆየ። ስሕተቱን የሠራው ሶፍትዌሩ ነው ለማለት እችል ነበር፤ ጽሑፉ ላይ ያረፈው ፊርማ ግን የእኔ ነበር።

ከአንድ ሠንጠረዥ የወጡ ሁለት ሥዕሎች

እስቲ ስሕተቱን በቁጥር እንመርምረው። በተማሪዬ ግራፍ ላይ በማናቸውም ሁለት ጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለው አግድም ርቀት እኩል ነው። ስለዚህ ዓይናችን የሚያየው ተዳፋት በየዙሩ የታየው ጠቅላላ ቅናሽ ብቻ ነው፤ እርሱም በቅደም ተከተል 7፣ 7፣ 4፣ 2 እና 1 ነው። ይህን ቅደም ተከተል የተመለከተ ሁሉ «እየተዳከመ መጥቷል» ቢል አይፈረድበትም።

አሁን እያንዳንዱን ቅናሽ በፈጀው ጊዜ እናካፍለው። ከ2000 እስከ 2005 ሰባት ነጥብ በአምስት ዓመት ቀነሰ፤ በዓመት 1.4 ነው። ከ2005 እስከ 2011 ሰባት ነጥብ በስድስት ዓመት፤ በዓመት 1.2 ገደማ። ከ2011 እስከ 2014 አራት ነጥብ በሦስት ዓመት፤ በዓመት 1.3 ገደማ። ከ2014 እስከ 2016 ሁለት ነጥብ በሁለት ዓመት፤ በዓመት 1። ከ2016 እስከ 2019 ግን አንድ ነጥብ በሦስት ዓመት፤ በዓመት 0.3 ገደማ።

እንግዲህ ዓመታቱ ትክክለኛ ርቀታቸውን ይዘው ሲቀመጡ መስመሩ ከ2000 እስከ 2016 ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በ16 ዓመታት 20 ነጥብ ቀንሷል፤ በአማካይ በዓመት 1.25 መሆኑ ነው። ከ2011 በኋላ ተከሠተ የተባለው መዳከም በሥዕሉ ላይ የለም። ዳሰሳዎቹ ከ2011 ወዲህ ተቀራርበው ስለ ተካሄዱ በእያንዳንዱ ዙር የታየው ቅናሽ አነሰ እንጂ የቅናሹ ፍጥነት እምብዛም አልተለወጠም። ለውጥ የሚመስል ነገር የሚታየው ከ2016 በኋላ ባለው የመጨረሻ ክፍል ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት የሥዕል ውበት ጉዳይ አይደለም። መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት ቃል የገባው በ2015 ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ከተመለከትነው ቃል ኪዳኑ የታወጀው ቅነሳው ከተዳከመ ከዓመታት በኋላ ነው፤ በሁለተኛው ከተመለከትነው ግን ቅነሳው እንደ ነበረ በቀጠለበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ሥዕል የሚመራ ሰው ከ2011 እስከ 2016 የተሠራውን ሥራ «አልሠራም» ብሎ ይደመድማል። ምናልባትም የሠራውን መርሐ ግብር እንዲታጠፍ ይመክራል። የሚገርመው ሁለቱም ሥዕሎች የተሠሩት ከአንድ ሠንጠረዥ መሆኑ ነው፤ በሠንጠረዡ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ቁጥር አልነበረም።

ሶፍትዌሩ እንዲህ የሚያደርገው ለምንድን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ምክንያቱን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ የሚያልፍባቸውን ከተሞች በተርታ ጻፉ ብትባሉ ፍቼ፣ ጎሐ ጽዮን፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ እያላችሁ አንዱን ከሌላው ሥር ታሰፍራላችሁ። በወረቀቱ ላይ በስሞቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል ነው። ጎሐ ጽዮንና ደጀን በዓባይ ሸለቆ ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤታሞች ሲሆኑ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ግን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ማንም መንገደኛ ያውቃል። ስለዚህ ዝርዝሩን እንደ ካርታ የሚያነብ የለም። ዝርዝር ቅደም ተከተልን ይነግረናል፤ ካርታ ደግሞ ርቀትን ይጨምራል።

የግራፍ ሶፍትዌሮችም አግድም ዘንግን በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ሊረዱት ይችላሉ። አንደኛው ዘንጉን የስሞች ዝርዝር አድርጎ መውሰድ ነው። ይህ ለክልሎች፣ ለሰብል ዓይነቶች፣ ለትምህርት ክፍሎች ተገቢ ነው፤ በጤፍና በማሽላ መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለምና። ሁለተኛው ዘንጉን ቁጥር ወይም ቀን አድርጎ መውሰድ ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ነጥብ እንደ ዋጋው መጠን ስፍራውን ይይዛል። ችግሩ የሚፈጠረው ዓመታትን ስናስገባ ሶፍትዌሩ እንደ ስም ዝርዝር ሲቀበላቸውና ነጥቦቹን በመስመር ሲያገናኛቸው ነው። መስመር ተዳፋት አለው፤ ተዳፋት ደግሞ ለአንባቢ ፍጥነት ነው። ርቀት በሌለበት ዘንግ ላይ ግን የፍጥነት ትርጉም ያለው ተዳፋት ሊኖር አይችልም።

በየሶፍትዌሩ ምን እናድርግ?

በኤክሴል «ላይን» የተባለው ዓይነት ዘንጉን የስሞች ዝርዝር አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ «ስካተር» የተባለው ግን ሁልጊዜ እንደ ቁጥር ይወስደዋል። ስለዚህ እኩል ላልተራራቁ መረጃዎች ቀዳሚው ምርጫ ስካተር፣ በተለይም ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር የሚያገናኘው ዓይነት ነው። የሊብሬኦፊስ ካልክም አሠራር ተመሳሳይ ነው። ስካተር ስትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ነጥቦቹን የሚያገናኘው በረድፎቹ ቅደም ተከተል ነው። ረድፎቹ በጊዜ ካልተደረደሩ መስመሩ ወደፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ይወሳሰባል።

ላይን ቻርትን መተው የማትፈልጉ ከሆነ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በዘንጉ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ዘንጉ የቀን ዘንግ እንዲሆን ማዘዝ ነው። ሌላው ከ2000 እስከ 2019 ያሉትን ሁሉንም ዓመታት በተርታ ጽፎ ዳሰሳ ያልተደረገባቸውን ሴሎች ባዶ መተውና ሶፍትዌሩ ባዶዎቹን ዘሎ ነጥቦቹን በመስመር እንዲያገናኝ መምረጥ ነው። በባዶው ሴል ዜሮ የሚጽፉ ተማሪዎች ገጥመውኛል፤ ያን ጊዜ መቀንጨር በየመሐሉ ፈጽሞ ጠፍቶ ተመልሶ የሚመጣ ይመስላል። «አልተለካም» እና «ተለክቶ ዜሮ ሆነ» እጅግ የተለያዩ ናቸው።

ሌላው የኤክሴል ወጥመድ የቀን ቅርጽ ነው። ኤክሴል ቀንን የሚያስበው ከ1900 መጀመሪያ አንሥቶ በሚቈጠር የቀናት ብዛት ነው። ስለዚህ በአንድ ሴል 2000 ብላችሁ ጽፋችሁ የቀን ቅርጽ ብትሰጡት ጁን 22 ቀን 1905 ያደርገዋል፤ ሁለት ሺኛውን ቀን ማለቱ ነው። ከ1900 በፊት ያለን ቀን ደግሞ እንደ ቀን አይቀበለውም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። በታሪክ ትምህርት ክፍል ላላችሁ ባልደረቦቼ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ጽሑፍ የሆነ ቀን ተመልሶ የስም ዝርዝር ይሆናልና።

በአር ቋንቋ፣ በጂጂፕሎት የምትሠሩ ተማሪዎች የምትወድቁበት ጉድጓድ ትንሽ ይለያል። የዓመቱ ዓምድ ከፋይሉ ሲነበብ እንደ ጽሑፍ ወይም እንደ ፋክተር ከገባ ነጥቦቹ በእኩል ርቀት ይሰለፋሉ፤ መስመሩም አይወጣም። ፕሮግራሙ «እያንዳንዱ ቡድን አንድ ነጥብ ብቻ ነው ያለው» የሚል ማሳሰቢያ ይሰጣል። ብዙዎቻችሁ መፍትሔ ፈልጋችሁ ሁሉንም ነጥቦች በአንድ ቡድን የሚያደርገውን ትእዛዝ ትጨምራላችሁ፤ መስመሩ ይወጣል፤ ማሳሰቢያው ይጠፋል። ስሕተቱ ግን እዚያው ነው፤ የጠፋው ስሕተቱን ሊያሳያችሁ የሞከረው ምልክት ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ዓመቱን ወደ ቁጥር ወይም ወደ ቀን መለወጥ ነው። በፓይተን በማትፕሎትሊብ የምትሠሩም ዓመቱ በጽሑፍ መልክ ከተያዘ ያው ነገር ይገጥማችኋል፤ እርሱ እንዲያውም ማሳሰቢያ አይሰጥም።

ርቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ለአንባቢ ግልጽ ማድረግ ይቀራል። ሦስት ነገሮችን እመክራለሁ። አንደኛ፣ የተለካበትን እያንዳንዱን ጊዜ ጎላ ባለ ነጥብ አሳዩ፤ መስመሩ ብቻ ከታየ አንባቢው በየዓመቱ የተለካ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ በዘንጉ ላይ ያሉት ምልክቶች በእኩል ርቀት፣ ለምሳሌ በየአምስት ዓመቱ ይሁኑ፤ ዳሰሳው የተደረገበትን ዓመትና ዋጋውን ደግሞ በነጥቡ አጠገብ ጻፉ። እንዲህ ሲሆን የ2014 እና የ2016 ጽሑፎች በዘንጉ ሥር አይጋጩም። ሦስተኛ፣ የዓምድ ግራፍን ለእንዲህ ያለ መረጃ አትምረጡ። በኤክሴል የቀን ዘንግ ላይ ዓምዶች እንደ ክር ይቀጥናሉ፤ ተማሪውም ለማወፈር ሲል ወደ ስም ዝርዝሩ ይመለሳል።

በሁለት አቈጣጠር የመኖር ጣጣ

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በአገራችን የተካሄዱትን ሦስት የሕዝብና ቤት ቈጠራዎች ውሰዱ። በእኛ አቈጣጠር ዓመታቱ 1976፣ 1987 እና 1999 ናቸው፤ ልዩነታቸው 11 እና 12 ዓመት ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1984፣ 1994 እና 2007 ናቸው፤ ልዩነታቸው 10 እና 13 ዓመት ነው። አንድ ዓይነት ሦስት ክንውኖች በአንዱ አቈጣጠር እኩል የተራራቁ ሲመስሉ በሌላው በግልጽ የተዛነፉ ናቸው። የትኛው ነው ትክክል?

ሁለቱም አይደሉም። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የመጀመሪያው ቈጠራ በግንቦት 1976፣ ሁለተኛው በጥቅምት 1987፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ መካከል 10 ዓመት ከ5 ወር ገደማ፣ በኋለኞቹ መካከል 12 ዓመት ከ7 ወር ገደማ አለፈ። የዓመቱን ቁጥር ብቻ ስንወስድ ወሩን እንጥላለን፤ በእኛ አቈጣጠር አዲሱ ዓመት መስከረም ላይ፣ በእነርሱ ጃንዋሪ ላይ ስለሚገባም የተጣለው ወር በሁለቱ ዘንድ የተለያየ ውጤት ይሰጣል።

ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ቈጠራ የሕዝቡ ቁጥር ከ53.5 ሚሊዮን ወደ 73.8 ሚሊዮን ገደማ አድጓል፤ ጭማሪው 20.3 ሚሊዮን ነው። ለ12 ብናካፍለው በዓመት 1.69 ሚሊዮን፣ ለ13 ብናካፍለው 1.56 ሚሊዮን ይሆናል። ልዩነቱ በዓመት 130 ሺህ ሰው ገደማ ነው። ይህን ያህል ሰው የመጣው ከወሊድ ወይም ከፍልሰት አይደለም፤ ካላንደር ከመምረጥ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወሩን ወደ ዓመት ክፍልፋይ ለውጡት። ግንቦት ሲገባ ከዓመቱ ስምንት ወራት አልፈዋል፤ ስለዚህ 1976.7 በሉት። ጥቅምት ሲገባ አንድ ወር አልፏል፤ 1987.1 በሉት። የመጨረሻው 1999.7 ይሆናል። በእነዚህ ቁጥሮች ስካተር ብትሠሩ ርቀቱ 10.4 እና 12.6 ሆኖ ይወጣል፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ብታሰሉትም ያንኑ ታገኛላችሁ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን አቈጣጠሮች አታደባልቁ፤ የተጠቀማችሁበትንም በዘንጉ ሥር ጻፉ።

በነጥቦቹ መካከል ምን አለ?

ርቀቱ ከተስተካከለ በኋላም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ነጥቦቹን የሚያገናኘው መስመር ምን ማለት ነው? ቀጥተኛ መስመር ስናሠምር «በመሐሉ ያለው ለውጥ ቀስ በቀስ ነው» ማለታችን ነው። ለመቀንጨር ይህ ምክንያታዊ ግምት ነው፤ የሕፃናት ቁመት በአንድ ሌሊት አይለወጥምና። ለሁሉም ነገር ግን አይሆንም።

የብርን ይፋዊ የምንዛሪ ተመን ተመልከቱ። ከ1973 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ በኦክቶበር 1992 በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። አንድ ተማሪ ለ1973 2.07፣ ለ1992 ማብቂያ 5 ብሎ ሁለቱን ነጥቦች በመስመር ቢያገናኝ፣ ሥዕሉ ብር በ19 ዓመታት ቀስ በቀስ እንደ ተዳከመ ይናገራል። በመካከሉ አንድ ዶላር 3.50 ብር ገደማ የነበረበት ጊዜም ያሳያል። በይፋዊው ተመን እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። እንዲህ ላለው መረጃ የሚስማማው ደረጃ የሚመስለው መስመር ነው፤ አግድም ሄዶ ለውጡ በተደረገበት ቀን ቀጥ ብሎ ይነሣል። የታሪፍ፣ የነዳጅ ዋጋና የደመወዝ እርከን መረጃዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። በአርና በማትፕሎትሊብ ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ፤ በኤክሴል ግን ከለውጡ በፊት ያለውን ዋጋ በለውጡ ቀን ደግማችሁ በመጻፍ በስካተር ልትሠሩት ትችላላችሁ።

በተቃራኒው ጫፍ መስመሩን የሚያለሰልሰው ምርጫ አለ። ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ነጥቦቹ በተራራቁበት ስፍራ መስመሩ ከተለካው በላይ ሊነሣ ወይም በታች ሊወርድ ይችላል። ማንም ያልለካው ጉብታ በሥዕሉ ላይ ይወጣል፤ አንባቢው ደግሞ ጉብታውን ሊያብራራ ይነሣል። ለጥናት ጽሑፍ ይህን ምርጫ ባትነኩት እመርጣለሁ።

ነጥቦች ሲጨናነቁ

ከጤና ሳይንስ የመጣችሁ እንዲህ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፦ «ርቀቱን በትክክል ስናስቀምጥ ነጥቦቹ አንድ ጥግ ላይ ቢጨናነቁስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ፣ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እና በ24 ሰዓት ተለካ እንበል። በትክክለኛው ዘንግ ላይ ከስድስቱ አራቱ ነጥቦች በመጀመሪያው አንድ ስድስተኛ ስፍራ ይታጨቃሉ። ተማሪው ይሰለቻል፤ ወደ ላይን ቻርት ይመለሳል፤ ነጥቦቹ ሰፋ ብለው ይታዩለታል።

በዚህ ምሳሌ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያሉት ነጥቦች እያንዳንዳቸው የቀደማቸው እጥፍ ናቸው። ስለዚህ እኩል ርቀት መስጠት በአጋጣሚ ከሎጋሪዝማዊ ሚዛን ጋር ይገጥማል። ከ8 ወደ 24 ግን ሦስት እጥፍ ነው፤ እኩል ርቀት ከሰጠነው እዚያ ላይ ሚዛኑ ይሰበራል። ሎጋሪዝም ከፈለጋችሁ ሎጋሪዝማዊ ዘንግን በግልጽ ምረጡና በጽሑፋችሁ ተናገሩ፤ ዜሮ ሰዓት በዚያ ዘንግ ላይ ስፍራ እንደሌላትም አትርሱ። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ማሳየት ከፈለጋችሁ ግን ጊዜውን በተራ ሚዛን ትታችሁ ሎጋሪዝሙን በቋሚው ዘንግ ላይ አድርጉ፤ ብዙ መድኃኒቶች ያን ጊዜ በመጨረሻ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጎልተው እንዲታዩ ከሆነ የምትሹት፣ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ሥሩ፤ አንዱ ሙሉውን 24 ሰዓት፣ ሌላው የመጀመሪያዎቹን 4 ሰዓታት ብቻ ያሳይ። ወረቀት ውድ ነው ብላችሁ አትቈጥቡ።

ከመፈረም በፊት

ከዚያ የመከላከያ ቀን ወዲህ በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ ግራፍ ሳገኝ ሦስት ነገሮችን ሳላጣራ አላልፍም። በመጀመሪያ በማናቸውም ሁለት ጥንድ ነጥቦች ላይ ማስመሪያ አኖራለሁ፤ የሁለት ዓመት ርቀት ከስድስት ዓመት ርቀት ሲሶ ካልሆነ ጽሑፉን እመልሳለሁ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ለውጥ በፈጀው ጊዜ አካፍዬ የሥዕሉ ተዳፋት ከሒሳቡ ጋር መስማማቱን አያለሁ። በመጨረሻም ተማሪውን «መስመሩ በነጥቦቹ መካከል ምን እየተናገረ ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሦስቱም ተደምረው አምስት ደቂቃ አይፈጁም። እኔ ያልሰጠኋቸው አምስት ደቂቃዎች አንድ ወጣትን አንድ ሴሚስተር አስከፍለውታል።

ስለ ተማሪዬ መጨረሻውን ልንገራችሁ። አዲሱ ምዕራፍ ከቀድሞው አጭር ነበር፤ ጥያቄውም ተለውጦ «ከ2016 እስከ 2019 ምን ሆነ?» የሚል ሆነ። በዚያም ላይ ቢሆን ተጠንቅቆ ነው የጻፈው። 38 እና 37 ወደ ሙሉ ቁጥር የተጠጋጉ ስለሆኑ እውነተኛው ልዩነት ከዜሮ በጥቂቱ ከፍ ያለም፣ ወደ ሁለት የሚጠጋም ሊሆን ይችላል። የ2016ቱ ዳሰሳ 16,650 ቤተሰቦችን ሲያነጋግር የ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ 8,663 ቤተሰቦችን ነው ያነጋገረው፤ ስለዚህ የናሙና ስሕተቱም ይሰፋል። ተማሪዬ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ግምቱ ሊዋዥቅ የሚችልበትን ክልል በቀጭን ቋሚ መስመር አሳየ። የውጭ ፈታኙ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «አሁን የምንወያይበት ነገር አገኘን» አሉ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ውይይት ስለ ዘንግ አልነበረም፤ ስለ ሕፃናቱ ነበር።